ሸዋ ሮቢት ያየሁት ገንዳ

አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ለሻንጣዬ 150 ብር ጠየቀኝ። ከራሴ ወንበር ሥር የገባ ሻንጣ! ተከራክሬ አልሆነልኝም፣ ከፈልኩ፤ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር በንዴት አለቀ። ምሳ በልተን፣ ጋቢ ደርበን፣ የጣርማ በርን ጭጋግና ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ጋቢው ሻንጣ ውስጥ ነበር።

ሌሊቱን አልተኛሁም። መብራት የለም፣ አጎበሩ ተቀዷል፣ ትንኙ ጆሮዬ ላይ አደረ። ባሕር ዳርም ይሞቃል፤ ግን ማታ ማታ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። ሲነጋ ፊቴን ልታጠብ ወደ ግቢው ብወጣ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ፈክቶ አየሁ። ቀረብ ብዬ የቅጠሉን አንገት ጨበጥኩት፤ እንደ ስፖንጅ ያበጠ ነው። እምቦጭ!

የጣና ልጅ ይህን አበባ አይስተውም። በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ታየ ሲባል ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኋላ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ፤ ያጸዳው ቦታ ተመልሶ ይሸፈናል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። የአጎቴ ታንኳ አረሙ መሐል ተይዛ ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኩ ጥበቃውን።

«አንድ ሾፌር ከቆቃ በጄሪካን አመጣልን። አበባው አያምርም እንዴ ልጄ?»

«ያምራል። ገንዳው ሲሞላ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

በእጃቸው አሳዩኝ፦ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ሽንኩርት ማሳው፣ የተረፈው ወደ ሮቢ ወንዝ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ውርጩ በገደለልን፤ እዚህ ቆላ ግን ማን ያግደዋል?

ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ ከሐይቁ ዳር ሳይርቅ ጀልባው ላይ የተጣበቀውን ሣር ያነሳል፣ ውሃውን ያፈስሳል፣ የማፍሰሻውን ውታፍ ነቅሎ ነው መንገድ የሚገባው። ሕጉ ያስገድደዋል፤ ከጀልባ ማውጫው ላይ የሚፈትሹ ሠራተኞችም አሉ። መጀመሪያ ሲነግረኝ ፈረንጅ ትርፍ ጊዜ አለው ብዬ ነበር፤ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ግን በሐሳቤ አፈርኩ። እኛም በ1986 ዓ.ም. የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን አጽድቀናል፤ 8ኛው አንቀጽ መጤ ወራሪ ዝርያ እንዳይገባ መከላከልን፣ የገባውንም መቆጣጠርን ይጠይቃል። በዚህ ጉዞ ሦስት ኬላ ላይ ወርደን ተፈትሸናል። ሻንጣዬ ሦስቴ ተከፍቷል። ጄሪካን ውስጥ ችግኝ ይዤ ቢሆን ግን ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም ነበር። አረሙን ከቆቃ እዚህ ያደረሰው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ኬላ ላይ ይቆማል። ሐይቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ሺህ ሰው ከማሰማራት አንድ ፈታሽ ቅጠሉን እንዲለይ ማስተማር ይቀላል። ስለዚህ አረሙን ይዞ መንቀሳቀስ በግልጽ ይከልከል፣ ይቀጣበት እላለሁ።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ስትመጣ መጀመሪያ ተቆጣች፤ አልጋ ተከራይቶ አበባ የሚነቅል እንግዳ አይታ አታውቅም። ስልኬ ላይ ያለውን የጣና ፎቶ ሳሳያት ዝም ብላ አየችና «በሉ አውጡት» አለች። የማፍሰሻውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍነን ከጋሼ ጋር ነቀልነው፤ ከቦዩ አርቀን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ሲደርቅ ሊያቃጥሉት ተስማማን። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ስነግራቸው ጋሼ ደነገጡ።

ባለቤቷ የቁርሱን ሒሳብ አልቀበልም አለች። መኪናው ሊነሳ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ጋሼ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገንዳው ውስጥ ገብተው ጭቃውን በአካፋ ይዝቁ ነበር።