በየብስ አራት አገር ለመሻገር በጀት ያወጣሁበት መንገድ

ጎረቤታም የሆኑ አራት አገሮችን በ42 ቀን ለመዞር በጀት ሳወጣ የመጀመሪያው ስሌቴ የተሳሳተ ነበር። የአንድ ቀን ወጪ ገመትኩና በ42 አባዛሁት። ግን ቀን ሁሉ እኩል አያስወጣም። አንድ ከተማ ውስጥ የሚዋልበት ቀን አልጋና ምግብ፣ ቢበዛ አጭር ታክሲ ነው። ከተማ የሚቀየርበት ቀን ግን የአውቶቡስ ትኬት፣ ከመናኸሪያ እስከ ማረፊያ ታክሲ፣ መንገድ ላይ በውድ የሚገዛ ምግብ፣ ኬላ ካለም የምንዛሪ ኪሳራ አለው።

ስለዚህ የመዋያውን ቀን 1፣ የመንገዱን ቀን 2.5 ብዬ እንደገና አሰላሁ። 12 ጊዜ ቦታ በሚቀየርበት ዕቅድ 30 ቀን በ1፣ 12 ቀን በ2.5 ሲባዛ ድምሩ የ60 መዋያ ቀን ወጪ ነው። ግማሹን የበሉት 12ቱ የመንገድ ቀናት ናቸው። ዝውውሩን ወደ 8 ሳወርደው 34 እና 20፣ 54 መጣ። አልጋም ምግብም ሳልቀንስ የስድስት ቀን ወጪ ተረፈኝ። 2.5 የእኔ ግምት ነው፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ከፍ፣ ከተሞቹ ከተቀራረቡ ዝቅ ይደረጋል። ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ ክትባትና የአውሮፕላን ትኬት ለብቻ ይደመራሉ። በመጨረሻ ከጠቅላላው 15 በመቶ መጠባበቂያ እጨምራለሁ፤ እሱን አስቀድሞ መንካት የለም።

የአገሮቹን ተራ የሚወስነው በአብዛኛው ወረቀት ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የቪዛው ዕድሜ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ነው። ከተሰጠበት ቀን የሚቆጠር ከሆነ የመጨረሻውን አገር ቪዛ ቀድሞ ማውጣት አደጋ አለው፤ እዚያ ሳይደረስ ጊዜው ያልፋል። ዞሮ ወደ መጀመሪያው አገር የሚመለስ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይፈልጋል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ፣ ቀን ቢተርፈውም ሲወጡ አብቅቷል።

አንዳንድ አገሮች ቀኑን በጋራ ይቆጥራሉ። በሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ጎብኚ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ የሚፈቀድለት ለሁሉም በአንድ ላይ 90 ቀን ነው። ጓቴማላ፣ ኤልሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓም 90 ቀንን በጋራ ለመቁጠር ተስማምተው ነበር። ድንበር መሻገር ቆጠራውን እንደገና አያስጀምረውም።

የቢጫ ወባ ክትባትም እንደ አገሮቹ ተራ ይለያያል፤ ብዙ አገሮች ካርዱን የሚጠይቁት በሽታው ካለበት አገር የሚመጣን ሰው ነው። ካርዱን የሚጠይቀውን አገር በሽታው ከሌለበት አገር በአውሮፕላን ገብተው ቢጀምሩበት ግን ላይጠየቁ ይችላሉ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ዋዜማ ላይ መከተብ አይጠቅምም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ፓስፖርቱ ደግሞ ጉዞው ካለቀ በኋላ ስድስት ወር የሚቀረው ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ አገር ሁለት ባዶ ገጽ ቢኖረው ጥሩ ነው።

በአውሮፕላን ገብቶ በየብስ የሚወጣ ሰው የሚደናቀፈው አየር ማረፊያ ላይ ነው። አየር መንገዱ ከአገሩ የሚያስወጣ ትኬት ካላየ አላሳፍርም ሊል ይችላል። ድንበር የሚያሻግር የአውቶቡስ ትኬት ወይም ገንዘቡ የሚመለስ የአውሮፕላን ትኬት አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

የሌሊት አውቶቡስ የአልጋ ዋጋ ያተርፋል ይባላል። ኬላ በሌለበት መንገድ እውነት ነው። ሌሊት የሚዘጋ ኬላ ካለ ግን አውቶቡሱ እስኪነጋ እዚያው ቆሞ ያድራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ደርሶ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነም የተረፈው ገንዘብ በካፌና በሻንጣ ማስቀመጫ ያልቃል። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ እንዲህ ማደርን ፈጽሞ አልመክርም፤ የደከመ ሰው በኬላ ላይ ገንዘብ በትክክል አይቆጥርም።

ኤቲኤም «በራስዎ አገር ገንዘብ ይከፈል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው፤ ምንዛሪውን ማሽኑ ሲያሰላው ይወደዳል። በየማውጣቱ ቋሚ ክፍያ ስላለ አንዴ በርከት አድርጎ ማውጣት ያዋጣል፣ ከመውጫው በፊት ካሉት ሦስት ቀናት በስተቀር። ያኔ ኪስ ውስጥ የሚቀረው ለመጨረሻው ምግብና መጓጓዣ የሚበቃ ብቻ ይሁን።

ኬላ ላይ ጠዋት መድረስ ጥሩ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሊቀድምና የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ይችላል። መመንዘር ግድ ከሆነ ስሌቱን በራስ ስልክ ሠርቶ፣ የእነሱን ገንዘብ ተቀብሎ ቆጥሮ፣ ከዚያ የራስን መስጠት ነው። የመውጫው ማህተም ሳይመታ ወደ መግቢያው መስኮት አይኬድም። ሁለቱም ከተመቱ በኋላ ከመስኮቱ ሳይርቁ ቀኑንና የተፈቀደውን የቀን ብዛት ማንበብ ያስፈልጋል። 90 ተብሎ 30 ከተጻፈ እዚያው ይታረማል፤ መውጫው ላይ ከተገኘ ግን ቅጣት ነው።