ግራ ጆሮዬ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ልጄ ተኝታለች። እናቴም አጠገቧ ጋደም ብላለች። እንቅልፍ እምቢ ያለኝ እኔን ነው።

በግራ ጆሮዬ ብዙም አልሰማም። በር ሲጋጭ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማኛል። ሹክሹክታ ግን አይገባም። ስልክ የማነሳው በቀኝ ነው። ከሰው ጋር ስሄድ ሰውየውን በቀኜ አደርገዋለሁ። ስብሰባ ላይ ቀድሜ ገብቼ የግራውን ጥግ እይዛለሁ። አንድ ሰሞን መሥሪያ ቤት ውስጥ «ኩራተኛ ናት» ተብዬ ነበር። ለካ በግራ በኩል ሰላም ሲሉኝ ዝም ብያቸው አልፋለሁ። ሐሜቱን ራሱ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው እኔ ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሠራው።

ሰው ሲጠይቀኝ «በልጅነቴ አሞኝ ነው» እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ አሞኝ ሳለ ሐኪም ጋ አልተወሰድኩም። ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ገንዘብ ጠፍቶም አይደለም። ወላጆቼ የሚያምኑት በጸሎት ብቻ ነበር። እኛ ቤት ኪኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠርጠር ነው።

7 ዓመቴ ነው። ጆሮዬን ሲያመኝ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አሞኛል። ሁለቱንም ጊዜ ተጸለየልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ቀን ዳንኩ። አባቴ ጉባኤ ፊት አቁሞኝ መሰከረ። ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ አይደለሁ?

አሁን ትልቅ ሆኜ የማውቀው ነገር አለ። አብዛኛው የልጆች የመሃል ጆሮ ሕመም ያለ መድኃኒትም በጥቂት ቀናት ይሻለዋል። ጉንፋኑም እንደዚያው፣ ብዙው ትኩሳትም እንደዚያው። (አማኝ ሰው «ሰውነትን እንዲያ አድርጎ የሠራው ማን ሆነና?» ሊለኝ ይችላል። እዚህ ላይ አልከራከርም።) ስለዚህ ሐኪም የማይገባበት ቤት ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ይድናል። እያንዳንዱ መዳን ምስክርነት ይሆናል። ምስክርነቱ በተደራረበ ቁጥር መጠርጠር ያሳፍራል። ወላጆቼ በባዶ አላመኑም፤ በዓይናቸው ያዩትን ነው ያመኑት። ጉዱ የሚመጣው በራሱ የማይለቅ በሽታ ሲመጣ ነው። ሲጀምር ሁሉም ትኩሳት ነው፤ ሁሉም ለቅሶ ነው። ይሄኛው ከነዚያ ይለያል የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።

በሦስተኛው ጊዜ አልዳንኩም። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ አራተኛውም። እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ታድር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ እንባዋ ጉንጬ ላይ ጠብ ይላል። ይሄን የምጽፈው ክፉ ሰዎች ነበሩ እንዳይመስልብኝ ነው። እንደዚያ ሌሊት የተወደድኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

አምስተኛው ሌሊት ላይ ጆሮዬ ውስጥ ጧ አለ። ትራሱ ረጠበ። ሕመሙም ወዲያው ለቀቀኝ። ቤቱ በእልልታ ሞላ። «ተፈወሰች!»

የጆሮዬ ታምቡር ተቀዶ ነበር። ከኋላው የታመቀው መግል መውጫ ሲያገኝ ግፊቱ ይበርዳል፤ ሕመሙም ይጠፋል። እልል የተባለው ለዚያ ነው።

እንዲህ የተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል። የኔ አልገጠመም። ለዓመታት ሲመግል ኖረ። ትምህርት ቤት ጥጥ ወትፌ ነው የምሄደው። ሽታውን የማስታውሰው ከራሴ አፍንጫ ይልቅ ከልጆቹ ፊት ነው። 19 ዓመቴ ላይ በራሴ እግር ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ በመብራቱ አየና ዝም አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። «ከ7 ዓመቴ።» «እስከዛሬ ማንም አላየሽም?» ምን ልበለው? ኢንፌክሽኑ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችል እንደነበር ነገረኝ። ዕድለኛ ነሽ አለኝ። ዕድለኛ የሚለው ቃል አናደደኝ። አሁንም ያናድደኛል፤ ግን ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ጤናማ ልማድ ነው አልልም። አንድ ታሪክ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1977 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሪታ እና ዳግላስ ስዋን የሚባሉ ባልና ሚስት 16 ወር የሆነው ልጃቸው ማቲው ታመመባቸው። የክርስቲያን ሳይንስ ቤተ እምነት አባላት ነበሩ፤ በጸሎት የሚፈውሱ የእምነቱ ሰዎች ተጠሩ። ልጁ ባሰበት። ከዚያ አንዷ ጸሎተኛ «ምናልባት የአጥንት ስብራት ይሆናል» አለች። የተሰበረ አጥንት ለማስጠገን ሐኪም ጋ መሄድ ይፈቀዳላ! ወላጆቹ ያቺን ቀዳዳ ይዘው ወደ ሆስፒታል ሮጡ። የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ነበር። ረፍዶ ነበር። ማቲው ሞተ።

ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ስለዚያች ቀዳዳ አስባለሁ። ወላጆቹ ለመሄድ ፈልገው ነበር ማለት ነው። የሚያስፈልጋቸው ሰበብ ብቻ ነበር። እናቴስ? አንድ ሰው «ጆሮዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ይሆናል» ቢላት ይዛኝ ትበር ነበር?

ሪታ ስዋን ቀሪ ዕድሜዋን ለዚህ ሰጠች። በ1998 ሴት አሰር ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ጋር አንድ ጥናት አወጣች። (ሴት ስሙ ነው፤ ሰውየው ወንድ ነው።) ከ1975 እስከ 1995 አሜሪካ ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት ሕክምና ተነፍገው የሞቱ 172 ልጆችን መዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ የ140ዎቹ በሽታ፣ ሕክምና ቢያገኙ ኖሮ የመዳን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። የሳንባ ምች፣ ትርፍ አንጀት፣ ስኳር በሽታ። ጉድ የሚያሰኝ ስም የለበትም። ተራ በሽታ ነው።

ስኳሩ ሌላው እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። የልጆች ስኳር በሽታ እንደ ጆሮ ሕመም አይደለም፤ በራሱ የሚለቅበት ቀን የለውም። ልጁ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይከሳል። ቆይቶ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል፣ እንደ ሮጠ ሰው ያለከልካል። ከ1922 በፊት ይሄ የሞት ፍርድ ነበር። በዚያ ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ የሞት ደጃፍ ላይ የነበረው ልጅ ተመልሶ ለዓመታት ኖረ። በ2008 ደግሞ ዊስኮንሲን ውስጥ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ፣ ወላጆቿ አልጋዋን ከበው እየጸለዩ፣ በዚሁ በሽታ ሞተች። በመካከሉ 86 ዓመት አለ። ወላጆቿ ተከሰው ተፈረደባቸው። ምን ዋጋ አለው? ልጅቷ የለችም።

ሕጉን ለማንበብም ሞክሬ ነበር፤ ቶሎ ይሰለቸኛል። አንድ ነገር ግን ይዣለሁ። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወላጆች ራሳቸው ሰማዕት መሆን ከፈለጉ ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልጆቻቸውን ግን አድገው ራሳቸው እስኪመርጡ ድረስ ሰማዕት ማድረግ አይችሉም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። የሚገርመው ጉዳዩ ስለ ሕክምና አልነበረም፤ መንገድ ላይ የሃይማኖት መጽሔት ስለምታድል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በ30 ዓመቱ፣ በ1974፣ የዚያው አገር መንግሥት ክፍላተ ግዛቶቹ የልጆች ጥበቃ ገንዘብ እንዲያገኙ በጸሎት ለሚያክሙ ወላጆች ከለላ የሚሰጥ አንቀጽ እንዲያወጡ ግድ አለ። በ1983 ግዴታው ቀረ። አንቀጾቹ ግን በብዙ ቦታ ቆዩ።

ሁሉም ነገር ግልጽ ነው ብዬ እንዳልፎክር የሚይዘኝ አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ነው። 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ የደም ካንሰር ያዘው። ቤተሰቡ የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው። (እነሱ ሕክምናን አይጠሉም፤ እምቢ የሚሉት ደም መውሰድን ነው።) ልጁ ራሱ «ደም አልወስድም» አለ። ብልህ ልጅ ነበር። ዳኛው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አነጋገረው፤ ከዚያ ደም ይሰጠው ብሎ ፈረደ። ልጁ ኖረ። 18 ሲሞላው፣ አሁን ማንም ሊያስገድደው በማይችልበት ዕድሜ፣ ደሙን እምቢ አለና ሞተ።

ዳኛው ትክክል ነበር? ይመስለኛል። ቢያንስ የመጨረሻውን እምቢታ ራሱ ልጁ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በራሱ ስም አለው። እኔ ግን 7 ዓመቴ ነበር። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አውቃለሁ። «ሐኪም እምቢ፣ ጸልዩልኝ» እል ነበር። ምክንያቱም እናቴን ማስደሰት እፈልጋለሁ። መርፌም እፈራለሁ።

አባቴ የሚጠቅሰው ጥቅስ ስለ ንጉሥ አሳ ነው፤ በታመመ ጊዜ እግዚአብሔርን ሳይሆን ባለ መድኃኒቶችን ስለ ፈለገው። እኔም ካደግኩ በኋላ የራሴን ጥቅሶች ሰበሰብኩ። ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ ይለዋል። ሲራክማ ጭራሽ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ከአባቴ ጋር ጥቅስ ስንወራወር ስንት እራት በረደ! አንድም ቀን አላሸነፍኩትም። እንዲህ ያለ ነገር በጥቅስ አይሸነፍም።

እናቴን የጠየቅኳት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለምን አልወሰድሽኝም?» አልኳት። ከተናገርኩት በኋላ ደነገጥኩ። ለ20 ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው። እሷ ብዙም አልደነገጠችም። ስትጠብቀው የኖረች ትመስላለች።

«ፈርቼ» አለችኝ።

«ሐኪሙን?»

«ኧረ ምን በወጣው። አንቺ እንዳትሞቺ ነዋ። ብጠራጠር ጸሎቱ ይበላሻል ብዬ። ይዤሽ ብሄድና ብትሞቺ፣ በኔ ጥርጣሬ ነው የሞትሽው እል ነበር።»

ምን ትመልሳለህ ለዚህ? ለካ እሷም ታስራ ነው ያደረችው። ልጅ ከዳነ እምነቱ አዳነው፤ ካልዳነ የእናትየው እምነት ጎደለ። እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ነገር መቼም አይሳሳትም። ተሳሳተ የምትባለው ሁልጊዜ እናትየው ናት። ይቅር አልኳት? አንዳንድ ቀን አዎ። ሰው ሲጠራኝ ሳልሰማ የቀረሁ ቀን አይደለም።

ወደ ዛሬ ልመለስ።

ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ልጄ ጮኸች። 5 ዓመቷ ነው። ሮጬ ስገባ ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች። ቀኙን። እናቴ አልጋው ሥር ተንበርክካ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እግሬ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። 7 ዓመቴ ላይ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ እኔ ይዣት ልሄድ ነው» አልኩ። ድምፄ ለጠብ የተዘጋጀ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ሳትነሳ። «ጫማዋን አጥልቄላታለሁ።»

አየሁ። አጥልቃላታለች። በጨለማ ስለሆነ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። እንደዚያው ይዘናት ሄድን።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። ጆሮዋን በመብራት አየች። ቀልቷል፣ ግን ቀላል ነው አለች። ትኩሳቷ ከፍተኛ አይደለም። የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጠችን። «አንቲባዮቲክ አሁን አልጀምርላትም፤ ሁለት ቀን እንጠብቅ» አለች።

እንጠብቅ! ከት ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ሐኪሟም እንደ አባቴ «እንጠብቅ» ትላለች። ቀጥላ ግን፣ በሁለት ቀን ካልተሻላት፣ ትኩሳቱ ከጨመረ ወይም ፈሳሽ ከወጣ አምጧት አለች። መቼና ምን ሲሆን እንደምንመለስ ወረቀት ላይ ጻፈችልን። እኛ ቤት ያን ጊዜ መጠበቁ ነበር፤ ቀኑ አልነበረም።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አየችው፤ መነጽር ስላልያዘች የምታነበው አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ሁለቱ ቀን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?»

ሐኪሟ ግራ ገባት። «ከአሁን ይሁን» አለቻት። እናቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ደግማ አየችው።

አሁን ልጄ ሽሮፑ ሠርቶላት ተኝታለች። ወረቀቱ ትራሱ ሥር ነው፤ እናቴ ናት ያስገባችው። ስታስገባው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሌላ ቀን ቀኝ ጆሮዬን ትራሱ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። ዓለም ጸጥ ይልልኛል፤ ከዚህ ጆሮ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው። ዛሬ በግራዬ ነው የምተኛው።