የመርሳት ሕመም ላለበት ወላጅ የእንክብካቤ ማዕከል ሲመረጥ

በስደት ያለ ብዙ ቤተሰብ ማዕከል መፈለግ የሚጀምረው እናት ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ አልጋውን ስለሚፈልገው ያጣድፋል፤ ያን ጊዜ የተገኘው ቦታ ይወሰዳል እንጂ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ሌሊት በር ከፍቶ መውጣት፣ ምድጃ ሳያጠፉ መተው፣ መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ፣ አስታማሚው ራሱ እንቅልፍ ማጣት፦ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ፍለጋው ይጀመር። የጤናና የገንዘብ ውክልና ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ውክልና መስጠት የሚቻለው ሕመምተኛው የሚፈርሙትን እስከተረዱ ድረስ ብቻ ነው፤ ካለፈ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል።

የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የቋንቋ ነገር ነው። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በጉልምስና የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል፣ የልጅነቱ ይቆያል። በሰው አገር ቋንቋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ አባት ሽንታቸው መጥቶ በአማርኛ ሲጣሩ የሚረዳቸው ካጡ ይነሣሉ፣ የያዛቸውን ይገፈትራሉ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን «ጠበኛ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ «አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አለን» የሚል መልስ አይበቃም፤ በየትኛው ፈረቃ? ሌሊትስ? ከሌለ ሃያ ያህል ቃላት (ሽንት፣ ውኃ፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ፈራሁ) በሠራተኞቹ ፊደል ጽፋችሁ አልጋው አጠገብ ለጥፉ። ሕመማቸውን መናገር ለማይችሉ ሰዎች ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ፦ አተነፋፈስ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታና ሲያባብሏቸው መረጋጋታቸው እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል። ነርሷን «እዚህ ሕመምን በምን ትለካላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰጣችሁ መልስ ከአዳራሹ ውበት የበለጠ ይነግራችኋል።

«ጠበኛ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ማረጋጊያ መድኃኒት ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ማስጠንቀቂያ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ ይገልጻል፤ በ2008 ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉት የቆዩ መድኃኒቶችም ተጨመሩበት። ሉዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት ላለባቸው ደግሞ ሃሎፔሪዶል በጣም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ የበሽታው ዓይነት በመዝገቡ ፊት ገጽ ላይ ይጻፍ። ያለ ተወካዩ ፈቃድ እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደማይጀመር በጽሑፍ አስይዙ። ጠባይ በድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚመረመረው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ ማነስ ወይም አዲስ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

ለጉብኝት ጠዋት ይቀጥሯችኋል፤ ጠዋት ሁሉም ያምራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳትነግሯቸው ተመለሱ። ብዙ ሕመምተኞች የሚረበሹት፣ ፈረቃም የሚቀየረው በዚያ ሰዓት ነው። ጥሪ ሲደወል ሠራተኛ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊት ማነጋገሩን እዩ። ወለሉንም እዩ፦ ጥቁር ምንጣፍ እንደ ጉድጓድ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል እንደ ውኃ ሊታያቸው ስለሚችል እግራቸው አልራመድ ይላል። ሽንት ቤቱ ከአልጋው የሚታይ ቢሆን መልካም ነው። የተከለለ ግቢ ቢኖር ደግሞ ተቆልፎ ከሚውል በር ይሻላል፤ መንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው ሲታሰር ይብሳል።

ከውሉ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ አንብቡ፦ እንክብካቤው ሲጨምር ክፍያው በምን ስሌት እንደሚያድግ፣ እና ምን ሲሆን «ከዚህ በላይ ልንይዛቸው አንችልም» እንደሚሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል፤ ከዚያ ሕመሙ ሲጠና እንደገና ማዛወር ይመጣል። ክብደታቸው በየወሩ ተመዝኖ እንዲነገራችሁም ጠይቁ፦ በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።