ጥንቸሏን የጣለችው እንቁራሪት

ከኪዮቶ ባቡር ጣቢያ የተነሳው አውቶቡስ ተራራ ለተራራ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ቶጋኖ ላይ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ በረጃጅም ጥዶች መሀል የድንጋይ ደረጃ መውጣት ነው። እዚህ ድረስ ያመጣኝ የእንስሳት ሥዕል ነው።

ደረጃው የሚያደርሰው ኮዛንጂ ነው፤ የጃፓን የቡዲስት ገዳም፣ መነኩሴው ምዮኤ እ.ኤ.አ. በ1206 ያቋቋመው። "ቾጁ ጊጋ" የሚባሉት አራት የእንስሳት ሥዕል ጥቅሎች የዚህ ገዳም ንብረት ናቸው። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጥቁር ቀለም ብቻ ተሥለዋል። አንደኛው ብቻውን ከ11 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ዋናዎቹ በቶኪዮና በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየሞች ስለሚቀመጡ እዚህ የሚታየው ቅጂ ነው። አውቄው ነው የሄድኩት። ሥዕሉ የኖረበትን ቤት ማየት ፈልጌ ነበር።

በገዳሙ ውስጥ ሴኪሱይን የሚሉት የእንጨት ቤት ደጃፍ ላይ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። መስታወቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። እንቁራሪትና ጥንቸል ትግል ገጥመዋል። ሁለቱም እኩል ቁመት አላቸው። እንቁራሪቷ የጥንቸሏን ጆሮ ነክሳ ይዛለች! ቀጥሎ ጥንቸሏ በጀርባዋ ተዘርራለች። ከእንቁራሪቷ አፍ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፤ የድል ጩኸቷ መሆኑ ነው። ጓደኞቿ በሳቅ ፍርስ ብለዋል። ደካማ የተባለ ሲያሸንፍ ያለውን ደስታ እንዲህ አድርጎ የሣለ ሰው አላየሁም።

ውስጤ የቀረው ግን ወደ መጨረሻው ያለው ነው። ጦጣ የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ይጸልያል። የሚጸልየው ለእንቁራሪት ነው። እንደ ቡዳ ሆና የሎተስ ቅጠል ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ የሙዝ ቅጠል እንደ አክሊለ ብርሃን ተዘርግቷል። ጸሎቱ ሲያበቃ ለጦጣው ስጦታ ይቀርብለታል።

ሠዓሊው ቶባ ሶጆ የተባለ መነኩሴ ነው ሲባል ኖሯል፤ አሣሣሉ ግን የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ይመስላል። እኔን የገረሙኝ ያቆዩት ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ የሚቀልደው በመነኮሳት ነው። ተንከባክበው ያኖሩትም መነኮሳት ናቸው። ይህን ሳስብ አከበርኳቸው።

ወጥቼ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ አላስችል አለኝ። መልሼ አወለቅኩና ጦጣውን ደግሜ አየሁት። ከእሱም አፍ እንደ እንቁራሪቷ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ።