ልጆችን ይዞ ሸለቆ መውረድ፦ ከባዱ መመለሻው ነው

ከልጆች ጋር ሸለቆ መውረድ አሁን ደህና ደረጃ ላይ ደርሷል፤ 300 ሜትር ወርደን፣ ማንም ሳይታዘል፣ ውሃም ተርፎ አፋፉ ላይ እንወጣለን። ለዚህ ያበቃን ጉልበት አይደለም፤ የመመለሻ ሰዓትን ማክበር ነው።

ዝግጅቱን ባጭሩ ልለፈው። ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው። ልኩ ትክክል ሆኖም ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ተረከዙ ስላልተያዘ ነው፤ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣት የጫማውን ጫፍ ይመታል። ልጁ ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ወደ ኋላ ያስጠጋ። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በዚያው ጎን ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ አስገቡና ትንሽ ቀለበት ተዉለት፤ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ሳቡና እሰሩ። ውሃ ለአዋቂ በሰዓት ግማሽ ሊትር ነው፤ ሙቀት ከበረታ እስከ አንድ ሊትር። ጨው ያለው መክሰስ ግዴታ ነው፤ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት የደምን ሶዲየም ያወርዳል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይከተላል።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ተራራ ላይ የደከመ ሰው ይመለሳል፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሸለቆ ላይ ቀላሉ ይቀድምና አቀበቱ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ይመጣል። መመለሻው ሲደርስ ማንም አልደከመም፤ ልጆቹ ገና እየሮጡ ነው። «ትንሽ እንጨምር» የሚባለውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ አፋፉ ላይ እያለን ይወሰናል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ከፍታ ያለው መውጫ 36 እና 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 66 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ዕረፍት የሌለበት፣ ለጠንካራ አዋቂ የሚሆን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ካለ በሁለት አባዙትና ዕረፍት ጨምሩበት።

ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛው ለመውረድ፣ ሁለት ሦስተኛው ለመውጣት ይመደብ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት የሚፈልግ፣ የትም ይድረስ የት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል። የውሃው አንድ ሦስተኛ ቀድሞ ካለቀም ሰዓቱን አይጠብቅም። በስልክ ርቀት አትመሩ፤ ገደሉ የሳተላይት ምልክት ስለሚያንጸባርቅ ጂፒኤስ ይዛባል። ለልጆችም «ወንዙ ጋ እንደርሳለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ማንቂያውን ልጁ ራሱ ይሙላው፤ ሲጮህ «እንመለስ» የሚለው እሱ ይሆናል።

ሲወጣ ዝግ ያለው ከፊት ይሁን። ጠንካራውን ማስቀደም የሚባለው ዘዴ መቅረት አለበት፤ ከፊት ያለው የኋለኛው እስኪደርስ ሲያርፍ ቆይቶ፣ እሱ ሲደርስ ይነሳል። በጣም ዕረፍት የሚያስፈልገው ሳያርፍ ይውላል። ልጁ ሳያቋርጥ ማውራት ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ እግር ከፍ አድርጎ ጥላ ውስጥ መቀመጥ ብዙ ይረዳል። አየሩ ደረቅ ከሆነ በየ100 ሜትሩ ቁልቁል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ድንጋዩም የሰበሰበውን ሙቀት መልሶ ይተፋል።

ጎርፍን በተመለከተ፣ ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጥሩ ሆኖ መታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። በአሜሪካ አንቴሎፕ ካንየን ነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የጣለ ዝናብ ያመጣው ጎርፍ 11 ጎብኚዎች ገድሏል። ከላይ በኩል ደመና ከታየ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አትግቡ። ውሃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮ ካመጣ ወይም ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ወንዙን ተከትሎ መሮጥ ሳይሆን ዕቃ ጥሎም ቢሆን ወደ ጎን ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ነው።