የተረፈው ሾርባ

ኒውዮርክ፣ ማንሃተን፣ 9ኛው አቬኑ ላይ ያለው የቅዱሳን ሐዋርያት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለችግረኞች ምሳ ያበላል። በ1990 እሳት ጎድቶት ሲታደስ አግዳሚ ወንበሮቹ አልተመለሱም። እሁድ የሚቀደስበት አዳራሽ በሥራ ቀን ምሳ ቤት ሆነ፤ ብልህ ውሳኔ ነው።

እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ምግቡ ከተበላ በኋላ ነው። የተረፈ ሾርባ ከነትልቁ ድስቱ ፍሪጅ ከገባ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚራባው እዚያ ነው። ዝርግ ትሪ ላይ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ ገልብጡት፤ እስኪቀዘቅዝ አትክደኑት። በ2 ሰዓት ውስጥ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 መውረድ አለበት። በ2 ሰዓቱ 21 ካልደረሰ ወዲያው እስከ 74 አሙቁና እንደገና ጀምሩ፤ አለዚያ ድፉት። በጎ ፈቃደኞች «እህል አይደፋም» ብለው ይከራከራሉ። ይደፋል።