የአዋሽ ድልድይ ከጎን ሲታይ

ድልድይ ፎቶ ማንሳት በጣም ነው የምወደው። አዳማ ለሚኖር ሰው አዋሽ ቅርቡ ነው። ልቤ ያለው ግን ራቅ ብሎ፣ አዋሽ ከተማ አጠገብ ገደሉ ላይ ካለው የአሮጌው ባቡር የብረት ድልድይ ጋር ነው። ያ መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በ1941 ጣሊያን ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሷል። ካሜራዬን ሳነሳ ይሄ ሁሉ ይታሰበኛል።

ለፎቶ ጠዋት ይሻላል። ፀሐይ ከጎን ስትመታ የብረቶቹ ጥላ ይጠላለፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ብዙ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ያነሳል። እኔ አልመክርም። ድልድይ የሚታየው ከጎንና ከታች ነው። ትልቅነቱ እንዲታወቅ ሰው ወይም ፍየል ፍሬም ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ጥበቃ ካለ ግን መጀመሪያ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ፎቶዎቹን ቴሌግራም ላይ ስለቅ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ይጽፉልኛል። አንዷ «አባዬ እዚህ መስመር ላይ ነበር የሚሠራው» አለችኝ። አሳጥቤ ላኩላት።

ቀጥሎ ዓባይ በረሃ ነኝ። 303 ሜትር የሚረዝመውን፣ በገመድ የተያዘውን የሕዳሴ ድልድይና ጎኑ ያለውን አሮጌውን በአንድ ፍሬም ማስገባት እፈልጋለሁ።